የተዘረፉት ባቡሮችና ዋጋቸው

በጀርመን አገር፣ በጎፒንገን ከተማ የሚገኘው የሜርክሊን አሻንጉሊት ፋብሪካ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 በሌቦች ተሰብሮ ብርቅዬ የባቡር አምሳያዎች ተዘረፉ። በማርች ወር ተገኙ። ከዝርፊያው ጋር አብሮ የተናፈሰው ግን ግምታቸው ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን ኤውሮ በላይ!

ይህ ሚዛን የሰብሳቢዎች ሚዛን ነው፤ ሌባውም የመጣው በዚሁ ሚዛን ተመርቶ ነው። ከተወሰዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1891 የተሠራው «የሽመላ እግር» የተሰኘው ሎኮሞቲቭ ነበር። በዚያው ዓመት ፋብሪካው በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ያቀረበው ሥራ ታላቅነቱ በብርቅነቱ አልነበረም፤ የሐዲዱ ስፋት በደረጃ ስለተወሰነ ሕፃኑ ሐዲድ በሐዲድ ላይ እየቀጠለ መንገዱን ሊያስረዝም ቻለ። ለልጅ እጅ የታሰበ የጥበብ ውጤት ከመስታወት በስተጀርባ ሲቆም ይህ ባሕርዩ ይሰወራል፤ ቆርቆሮውን የቆረጡት፣ ቀለሙን የቀቡት ሠራተኞች ድካምም በዋጋው ውስጥ አይነበብም። 100,000 ኤውሮ የተገመተው የ1909ኙ «ሮኬት» እንኳ የስቴፈንሰንን የ1829 ሎኮሞቲቭ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለሕፃናት መልሶ ያሳየ፣ የኢንዱስትሪ ታሪክ ማስተማሪያ ነበር።