የሐረር አዋች ዚያራ

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥና በዙሪያው አዋች የሚባሉ የወሊዮች (የአላህ ወዳጆች) መዘየሪያ ስፍራዎች ይገኛሉ። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ጠቅሷል። አንዳንዶቹ ጉልላት ያላቸው መቃብሮች ናቸው፤ ሌሎቹ ከአንድ ዛፍ ወይም ወሊዩ እንደጸለየበት ከሚነገር ቦታ አያልፉም። በትውፊት የከተማዋ አባት የሚባሉት ሼህ አባድር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑርና ሴቷ ወሊይ አይ አቢዳ ይዘየራሉ። ሴት ወሊዮችን በዚህ ክብር ማሰቡ በተለይ የሚደነቅ ነው።

ወደ እነዚህ ስፍራዎች የሚደረገው ጉብኝት፣ ዚያራው፣ ለማያውቀው ሰው ሙታንን ማምለክ ይመስላል፤ ከሙስሊሞችም መካከል አጥብቀው የሚቃወሙት አሉ። ዘያሪዎቹ ግን የሚመለከው አላህ ብቻ እንደሆነ፣ ወሊዩ በእርሱ ዘንድ የተወደደ አማላጅ እንደሆነ ያስረዳሉ። በዚያራው የሌሊት ጉባኤ የሚሰማውም ይህንኑ ይመሰክራል፦ ቁርኣን ይነበባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ነቢዩን የሚያወድሰው ዚክሪ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ ታጅቦ በዐረብኛና በሐረሪ ይዜማል። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል። የታመመ፣ ልጅ የተመኘ፣ መንገድ የሚወጣ ሰው የስፍራውን ጠባቂ የሙሪዱን ምርቃት ይሻል። ከዙሪያው መንደሮች የኦሮሞ ገበሬዎችም ስለት ይዘው ይመጣሉ።

በአሹራ በዓል ለጅቦች የሚቀርበው ቅቤ የተደረገበት ገንፎም እንዲሁ ጅብ ማምለክ ተብሎ ይታማል። ትውፊቱ የሚለው ሌላ ነው፦ በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው እየበሉ ሲያስቸግሩ ወሊዮቹ ገንፎ እያበሉ ከእነርሱ ጋር ሰላም አወረዱ።