«ጌሾይዲን» ስለሚባለው ስም

በሰቆጣ ጠላ የምትጠምቅ ባልቴት ጌሾን በምሬቱ ታውቀዋለች። ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ባወጡት ጽሑፍ፣ ከጌሾ የለዩትን መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» ብለውታል። ስሙ የአገራችንን ተክል በኬሚስትሪ መዝገብ ስላስገባ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ስለ ንጥረ ነገሩ አሠራር የሚነግረን የለም። አብሮ የተሰጠው «ቤታ-ሶሪጄኒን-8-ኦ-ቤታ-ዲ-ግሉኮሳይድ» የሚለው ስም ግሉኮሱ በ8ኛው ቦታ በኦክስጅን መያያዙን ያስረዳል፤ ነገር ግን «ሶሪጄኒን» ራሱ የልማድ ስም ስለ ሆነ ግማሹ ተሸፍኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1892 በጄኔቫ የተጀመረው የአሰያየም ሥርዓት የሚሻው፣ ስሙን ያነበበ ሁሉ ቅርጹን እንዲሥል ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች «ጌሾይዲን»ን ለማስታወሻ እንያዘው፤ የናፍታሌኑን ካርቦኖች ቆጥረን ሙሉውን ስም መጻፍ ካልቻልን ግን፣ ከባልቴቲቱ የበለጠ አወቅን አንበል።