ዋስ የሌላት ድመት
ስለ ቶምና ጄሪ ፊልሞች የቀረበ ሒስ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ መካነ ኢየሱስ በሄድን ጊዜ ዐሳባችን በእስቴ የሚነገሩትን የአውሬና የቤት እንስሳ ተረቶች ሰብስበን በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ነበር። መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ የምትገኝ የእስቴ ወረዳ ከተማ ናት፤ አያታችን የሚኖሩትም ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ተረቱን መሰብሰቡ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ያዳምጣሉ ያልናቸው ልጆች፥ በአጎታቸው የእጅ ስልክ ዙሪያ ተጠጋግተው አንድ ድመት አንድ አይጥ ሲያባርር ያያሉ። ሣቃቸው ተረት የሚነግሩንን ሽማግሌ ድምፅ ስለ ዋጠው መጀመሪያ ተቈጣን፤ በሦስተኛው ማታ ግን ማስታወሻ ደብተራችንን አጥፈን ከልጆቹ ጋር ተቀመጥን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ መቀመጥ የወጣ ነው።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ የልጆች ካርቱን ለምርምር መጽሔት አይመጥንም ይሉ ይሆናል። እኛ ግን አንድ የእስቴ ልጅ በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያየው ነገር ከተረት ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ ነውና፥ በምን እንዳሸነፈ መጠየቅ የተረት አጥኚ ሥራ ነው እንላለን።

ፊልሞቹን ያወጡት ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ የሠሩትም ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው በ1940 ታየ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሲሠሩ ከነዚህ ውስጥ 7ቱ የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። ድመቱ ቶም፥ አይጡ ጄሪ ይባላል፤ ሁለቱም ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አይናገሩም። በንግግር ፈንታ የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ እርምጃቸውን እግር በእግር ይከተላል፤ ድመቱ በተመታ ቍጥር የምንሰማው ጩኸትም የራሱ የዊልያም ሃና ነው። ያለ አስተርጓሚ እስቴ ድረስ የደረሱት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ጩኸት ትርጕም አይሻም።

የእኛ ተረት ግን ያለ ንግግር አንድ እርምጃ አይሄድም። ድመት መነኰስሁ ብላ ቆብ ደፍታ አይጦችን ትጠራለች፤ አይጦችም የሚጠፉት በጥፍሯ ኀይል ሳይሆን ቃሏን ባመኑ ጊዜ ነው። አይጦች ሸንጎ ተቀምጠው በድመት አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር ብለው ይወስናሉ፤ ውሳኔው ሁሉን ደስ ካሰኘ በኋላ አሳሪ ይታጣል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የአህያይቱ ኑዛዜ ነው፤ ይህን ተረት ሐሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍም ውስጥ አስገብተውታል። አንበሳ፥ ነብርና ጅብ ከአህያ ጋር ኀጢአታቸውን ሊናዘዙ ይሰበሰባሉ። የገደሉትንና የበሉትን እየዘረዘሩ እርስ በርሳቸው፥ «ይህስ ኀጢአት አይደለም» ይባባላሉ። አህያ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መጋጧን በተናገረች ጊዜ ግን፥ «አገር ያጠፋው ያንቺ ኀጢአት ነው» ብለው ፈርደው ይበሏታል። እንግዲህ በተረታችን ደካማው ሁልጊዜ አያሸንፍም። ብልጠት ዋጋ የሚኖረው ሞኝ የሆነ በእርግጥ ስለሚበላ ነው።

በፊልሞቹ ውስጥ ግን የሚበላ የለም። ድመቱ በብረት ድስት ፊቱ ይደፈጠጣል፤ ጥርሱ እንደ ሸክላ ይረግፋል፤ በሚቀጥለው ሥዕል ሙሉ ሆኖ ይነሣል። አይጡም አንድ ጊዜ እንኳ ተውጦ አይቀርም። በእስቴ አይጥ የጨዋታ ነገር አይደለችም፤ የገብስና የጤፍ ጎታ የምትበሳ ናት፤ ድመትም የምትቀለበው ስለ ውበቷ ሳይሆን ስለዚሁ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ማታ በማስታወሻችን ላይ፥ «ረኃብ የሌለበት አደን፥ ሞት የሌለበት ጠብ፤ ስለዚህም ቁም ነገር የሌለበት ሣቅ» ብለን ጽፈን ነበር። ፍርዱ ደስ አሰኝቶን ነበርና ሳይፈተን ለማተሚያ ልንልከው ተሰናድተን ነበር።

ያፈረሱብን አያታችን ናቸው። ልጆቹ የ1940ውን የመጀመሪያውን ፊልም ሲያዩ እርሳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ከጀርባ ይመለከቱ ነበር።

«ይቺ ድመት የማን ናት?» አሉ። (ልጆቹ በስሙ ስለሚጠሩት ወንድ ያደርጉታል፤ ለአያታችን ግን ድመት ሁሉ ሴት ናት።)

«የቤቱ ናት» አለ ትንሹ።

«ቤቱስ የማን ነው?»

«የሴትዮዋ። እግሯ ብቻ ነው የሚታይ።»

አያታችን ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩና ድመቲቱ ከቤት ስትጣል፥ «ዋስ የላትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ በሣቅ ወደቁ፤ እኛም ሣቅን። ሌሊቱን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣን፤ በማግሥቱም ያንኑ ፊልም አራት ጊዜ ደግመን አየን።

አንባቢ እንዲረዳን የፊልሙን ነገር ባጭሩ እንተርክ። በዚህ በመጀመሪያው ፊልም ድመቱ ገና ቶም አልተባለም፤ ጃስፐር ነው ስሙ። ፊልሙን በእርግጥ የሠሩት የሃና እና የባርቤራ ስምም በመግቢያው ላይ አልተጻፈም። ድመቱ አይጡን እያሠቃየ ሲጫወትበት ሳለ ሮጦ ከዐምድ ጋር ይላተምና የአበባ ማሰሮ ይሰብራል። የቤት ሠራተኛይቱ መጥታ አንድ ነገር ሁለተኛ ብትሰብር ከቤት ትወጣለህ ትለዋለች። ይህን አይጡ ሰምቷል። ከዚህ በኋላ ድመቱ ሊይዘው በተጠጋ ጊዜ አይጡ የወይን ብርጭቆ ያነሣና ከገበታው ጠርዝ ላይ ወደ ታች ሊለቀው ይቃጣል። ድመቱ ይቆማል። በቃ፤ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አሳዳጁ የብርጭቆ ጠባቂ ሆነ፤ አይጡ ብርጭቆ በወረወረ ቍጥር ድመቱ እየዘለለ ይቀልባል፤ ወለሉንም በትራስ ያነጥፋል። በመጨረሻ ድመቱ የሳሕን ቁልል ተሸክሞ ሲንገዳገድ አይጡ ከኋላው በእርግጫ ይለዋል፤ ሳሕኑ ይረግፋል፤ ድመቱም ይባረራል። አይጡ በጕድጓዱ ደጃፍ ላይ «ቤት ጣፋጭ ቤት» የሚል ትርጕም ያለው ሰሌዳ ይተክላል።

እንግዲህ የአይጡ ብልጠት ምንድን ነው? በጕልበት አይደለም፤ በመሣሪያም አይደለም። በቤቱ ውስጥ የተነገረውን ትእዛዝ ሰምቶ፥ ትእዛዙ ማንን እንደሚያስር ዐውቆ፥ በዚያው ሕግ ጠላቱን ማሰሩ ነው። ይህ ልክ የእኛ ተረት ነው፤ ሙግት ነው። አይጡ አንድ ቃል ሳይናገር ተሟግቶ ረታ። ድመቱም የሚፈራው አይጡን ሳይሆን እንጀራውን ማጣት ነው። ረኃብ የለም ብለን የጻፍነው ስሕተት ነበር፤ ረኃቡ በደጃፉ በኩል ቆሞ ነበር፤ እኛ የፈለግነው ግን በአይጡ በኩል ነበር።

ይህን በቶሎ ማየት ይገባን ነበር። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር ሁለት ዓመት ያህል በሰው ቤት ተጠግተን፥ ውሃ እየቀዳንና ዕቃ እያጠብን ኖረናል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ብርጭቆ ከእጃችን አመለጠ። የተባልነው ከላይ ድመቱ የተባለውን ነው፤ «ሁለተኛ ብትሰብር ትወጣለህ።» የቤቱ ታናሽ ልጅ ይህን ሰምቶ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናጥበውን ሳሕን በጣቱ ወደ ጠርዝ እየገፋ ዐይናችንን ያይ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። ለእኛ ግን ሳሕኑ ሳሕን ብቻ አልነበረም፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርታችን ነበር። ፊልሙን ከመነሻው ከድመቱ ወገን ሆነን ያየነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንባቢ ይህን ዐውቆ ፍርዳችንን ይመዝን።

አንድ ነገር ግን ሳንነቅፍ አናልፍም። ያቺ ሠራተኛ ጥቍር ሴት ናት፤ ፊቷ አይታይም፤ እግሯና ድምፅዋ ብቻ ነው ያለው። ድምፅዋን የሰጠችው ሊሊያን ራንዶልፍ የተባለች ተዋናይት ናት። አነጋገሯም ሆነ አለባበሷ የዚያን ጊዜ አሜሪካ በጥቍር ሴት ላይ የነበረውን ንቀት ተሸክሟል። ኋላ ተቃውሞው ሲበረታ በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን በታደሱት አንዳንድ ፊልሞች ውስጥ በነጭ ሴት ሥዕል ተተክታለች፤ ይህ ግን ነውሩን መሸፈን እንጂ ማረም አይመስለንም። እስቴ ላይ ያሉ ልጆች ቀለሟን አንሥተው አልተናገሩም። አያታችን ግን፥ «እርሷም ተቀጣሪ ናት እንጂ እመቤት አይደለችም፤ እመቤትማ ራሷ አትጠርግም» አሉ። ይህ አስተያየት የፊልሙን ነገር ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሳሕኑ ሲሰበር የምትጠየቀው እርሷ ናት፤ ድመቱን የምታባርረውም ራሷ እንዳትባረር ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ይህን ለማሳየት ፊቷን ሊያሳየን ይገባ ነበር፤ አላደረገውም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊልሞች በሥዕል ጥራትና በፍጥነት ከመጀመሪያው ይበልጣሉ፤ በነገር ግን ያንሳሉ። በ1943 የመጀመሪያውን ኦስካር ያመጣላቸውን ፊልም እንመልከት። አይጡ በምድር ቤት ውስጥ እንቍላሉን እንደ ቦምብ ይወረውራል፤ ጦርነቱ ዓለምን ይዞ ስለ ነበር አይጡም ወታደር ሆነ። ያሥቃል፤ ግን ድመቱ ምን እንደሚያጣ አናውቅም፤ ስለዚህ ቢመታም አይሰማንም። በ1947 የወጣው ድመቱ የሊስትን የሁንጋሪያ ራፕሶዲ በፒያኖ ሲጫወት የሚያሳየው ፊልም ግን ይለያል፤ ድመቱ በሕዝብ ፊት የጀመረውን ሙዚቃ ማቋረጥ አይችልም። ጉባኤው የቤት እመቤቲቱን ቦታ ያዘ፤ አይጡም እንደ ገና ሕግ ዐዋቂ ሆነ። ይህም ኦስካር አግኝቷል፤ በእኛ ሚዛን ከ1943ቱ ይልቅ የተገባው ነው።

ቸክ ጆንስ በ1949 የጀመረው የኮዮቴና የሮድ ራነር ፊልምም እንዲሁ ይነበባል። በረሓ ነው፤ ቤት የለም፤ እመቤት የለችም፤ ኮዮቴውን የሚያዋርደው ራሱ ገዝቶ ያመጣው መሣሪያ ነው። ለልጆቹ ባሳየናቸው ጊዜ ሣቁ፤ ግን ደግመው አልጠየቁም። በሶቪየት ኅብረት በ1969 የተጀመረውን የተኵላና የጥንቸል ፊልም ደግሞ ልናሳያቸው ስንል የስልኩ ባትሪ አለቀ።

እነዚህ ፊልሞች ለልጆች ጠብ ያስተምራሉ የሚለውን ክርክር የምናውቀው ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ልንገባበት አንፈልግም። ጅብ አህያን ዘነጣጥሎ ሲበላ በተረት እየሰማ ያደገ ሰው በብረት ድስት መመታት አያስደነግጠውም። እኛን ያሳሰበን ልጆቹ የሚሥቁት በማን እንደ ሆነ ነው። በመጀመሪያ ማታ ሁሉም ከአይጡ ጋር ነበሩ። አያታችን ስለ ዋስ ከጠየቁ በኋላ ግን ትልቋ ልጅ ድመቱ ሳሕን ተሸክሞ ሲንገዳገድ መሣቅ ትታ ትንፋሿን ዋጠች። በሚቀጥለው ማታ እንደዚሁ አደረገች።

ፊልሙ ድመቱ ከተጣለ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ አያሳይም። በሄድንበት ዋዜማ አያታችን ይህንኑ ልጆቹን ጠየቋቸው። አንዱ በረደውና ሞተ አለ። ትልቋ፥ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ አለች። ትንሹ ግን ጥቂት ዐስቦ፥ «ጎረቤት ገባ፤ እዚያም አይጥ አለ» አለ። አያታችን እንዝርታቸውን አስቀምጠው፥ «ማን ዋስ ሆኖት?» አሉ፤ ልጁም፥ «እኔ» አለ።