አስታማሚውን የዘነጋ መመሪያ

አንድ በሽተኛ ሆስፒታል ከገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚነሣበት የሳንባ ምች፣ ከቤቱ ይዞት የመጣው ሳይሆን ከሆስፒታል ያገኘው ነው ተብሎ ይቈጠራል። የአሜሪካ የጤና ክብካቤ ኤፒዴሚዮሎጂ ማኅበር ከተባባሪዎቹ ጋራ ሆኖ ይህን በሽታ ስለ መከላከል በ2014 ዓ.ም. አሻሽሎ ያወጣውን መመሪያ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሁኔታ ጋራ እያስተያየን ልንተቸው እንወዳለን።

መመሪያው በመሠረቱ ትክክል ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአፍ ውስጥ የተራቡ ጀርሞች ከምራቅ ጋራ ወደ ሳንባ ሲወርዱ ነው። ስለዚህ ጥርስን መቦረሽ፣ መዋጥ የሚያስቸግረውን በጥንቃቄ መመገብና በሽተኛውን ከአልጋው ቶሎ ማስነሣት ይገባል ይላል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳውም ራስጌው ከፍ እንዲል ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ የ15 ጥናቶች ድምር ደግሞ ጥርስ መቦረሽ በሽታውን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ጥቅሙ በግልጽ የተረጋገጠው በመሣሪያ በሚተነፍሱት ላይ ነው።

ነቀፌታችን፣ ሥራውን ማን ይሠራዋል? በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መመሪያው በነርስ ይተማመናል። በእኛ አገር ግን በሽተኛውን የሚያጐርሰው፣ የሚያገላብጠውና ደግፎ የሚያስነሣው ባመዛኙ አስታማሚው ነው። አስታማሚው ደግሞ የሚመራው በበሽታው ስም ነው። ምች የሚለው ቃል ፀሐይን፣ ነፋስንና ብርድን እንጂ አፍን አያሳስብም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደሴ በሽተኛውን ሸፋፍኖ «ይረፍ» ማለት የፍቅር ሥራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተጋደመ አጥሚት ቢያጠጡት ፍቅሩ ጕዳት ይሆናል።

አስታማሚ መብዛቱ ራሱ ጀርም ያዛምታል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እውነትነት አለው። ቢሆንም አስታማሚው ካልጠፋ ዘንድ፣ እጁን እንዲታጠብ ማስተማር እንዳላዩት ከመተው ይሻላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰባቸው ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል። መሣሪያ ይዘረፋል፤ ቀና አድርጎ ማጕረስን፣ አፍን ማጽዳትን፣ እጅን መታጠብን ግን ማንም አይዘርፈውም።

ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንዲመረምሩ እናሳስባለን። አንደኛ፣ አስታማሚዎችን ማስተማር በሽታውን ምን ያህል ይቀንሰዋል? ሁለተኛ፣ የለመድነው መፋቂያ ለነቃ በሽተኛ የጥርስ ቡሩሽን ይተካል ወይስ አይተካም? የእነዚህ መልስ ከባሕር ማዶ ተጽፎ አይመጣልንም።