«አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ»

የእህቴ ልጅ አገር ቤት ነርስ ነበረች። እዚህም በሙያዋ ለመሥራት ለአይልትስ ፈተና ትዘጋጃለች። ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን የልምምድ ድርሰቷን እንዳርምላት ሰጠችኝ። ትእዛዙ «ሁለቱን አመለካከቶች አብራሪ፤ የራስሽንም አስተያየት ስጪ» ይላል፤ በ40 ደቂቃ፣ ቢያንስ በ250 ቃላት። ርእሱ «የስደተኛ ልጆች ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ይናገሩ?» የሚል ነበር።

«አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፤ ሌሎች እንዲያ ይላሉ፤ ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው» ብላ ጨርሳዋለች። ይህ ፍርድን መሸሽ እንጂ ሚዛናዊነት አይደለም አልኳት። ፈተናውም ግልጽ አቋም ይጠይቃል። ሚዛናዊነት የማይስማሙበትን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ የኔ ነው» እስኪል አስረድቶ፣ ከዚያ በኋላ መፍረድ ነው።

«ጋሼ፣ አንተስ እንዲህ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ።

አሌክሳንድሪያ ቤቴ ገብቼ ከ1997ቱ ምርጫ ወዲህ የጻፍኳቸውን አገላበጥኩ። አቋም ሞልቷል። ባላጋራዬ ግን «ሆዳም»፣ «ባንዳ» ከመባል በቀር ሐሳቡ የሚነገርበት አንድ አንቀጽ እንኳ አልተሰጠውም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ባላጋራ ፊት ለፊት ቆሞ ይመልስ ነበር፤ እኛ ግን እሱ በሌለበት ከስሰን፣ እኛው ፈርደን፣ እኛው እናጨበጭባለን።

እሷ ፍርድ ጎደላት፤ እኔ ሙግት። በዚያ ፈተና ብቀመጥ የምወድቀው እንግሊዝኛ አንሶኝ አይደለም።