ልጁን ላኩት

ዘንድሮ ደሴ የተመደበችልን ወጣት የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርት በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እትዬ፣ ለኦ ክፍል በሳምንት ስንት አዲስ ቃል ነው የምናስተምረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቃሉን ተይውና ልጆቹን ስንቴ እንደላክሻቸው ቁጠሪ» አልኳት። ግራ ገባት። እጇ ላይ የሥዕል ካርዶች ነበሩ። ካርድ ታነሳለች፣ «ይህ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «አናናስ!» ብሎ ይጮሃል። በመስኮት ለሚያይ ሰው ደስ ይላል። እኔ ግን በዚያ ጩኸት መሐል ማን እንዳወቀ፣ ማን አፉን ብቻ እንደከፈተ የሚለይ ጆሮ የለኝም።

ልክፍቴን የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል፦ ልጅ ቃል የሚይዘው ሲላክ ነው እላለሁ።

ከክፍሌ ጥግ ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ማርገብገቢያ፣ ረከቦት፣ ስኒ ተደርድሯል። «ሰፌዱን አምጣልኝ፤ ወንፊቱን አይደለም» እላለሁ። ሁለቱም ክብ ናቸው። ልጁ እጁን ወንፊቱ ላይ ጣል ያደርግና ዞሮ ፊቴን ያያል። ሙያው እዚህ ላይ ነው፤ በአገጭ አለመጠቆም፣ ቅንድብ አለማንሳት፣ ዝም ብሎ መጠበቅ። ወንፊትን ከቤቱ የሚያውቅ ልጅ፣ የቀረው ሰፌድ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ሲያመጣልኝ ምስር ከነጠጠሩ አፈስበትና «በል አበጥርልኝ» እለዋለሁ። ግማሹ መሬት ይፈሳል፤ ይፍሰስ። የዕቃውን ስም ከነሥራው ይዞ ይሄዳል። ካርድ ላይ ያለ ሰፌድ ምስር አያበጥርም።

ይህ የእኔ ግትርነት ብቻ አይደለም። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸውን ልጆች በመዋዕለ ሕፃናታቸው ውስጥ፣ እንደ ዋዛ፣ «ክሮሚየሙን ትሪ አምጣልኝ፤ ሰማያዊውን ሳይሆን ክሮሚየሙን» እንዲባሉ አደረጉ። ትሪው የወይራ ዓይነት አረንጓዴ ነበር፤ ልጆቹ ክሮሚየም የሚባል ቀለም ሰምተው አያውቁም። ግን አመጡት። ከሳምንት ገደማ በኋላ ሲፈተኑም ብዙዎቹ ስለ ቃሉ የሆነ ነገር ይዘው ተገኙ። መጻሕፍቱ ለዚህ ረቀቅ ያለ ስም አውጥተውለታል። እኔ ያየሁት የተላከ ልጅ ነው።

አንድ ጊዜ መስማት በር ይከፍታል እንጂ ቤት አያስገባም፤ መደጋገም ይፈልጋል። ለዚህ የወሎ ቤት ማን ብሎት! ቡና ሲፈላ ልጅቷ ጎረቤት ትላካለች፤ «ቡና ደርሷል በያቸው» ትባላለች። እዚያ ስትደርስ ደግሞ «መጣሁ በያት፤ እግረ መንገድሽን ይህን ቄጤማ ይዘሽላት ሂጂ» ይሏታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያው ዕቃ በያው ተራ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ማንም «ረከቦት በሉ!» ብሎ አያስጮህም፤ ረከቦት የማያውቅ የአምስት ዓመት የደሴ ልጅ ግን አላጋጠመኝም። ሰው ሲከፋው «አብሽር» ማለትንም የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ከዚያው ከቡናው ዙሪያ ነው የሚለቅመው።

ሌላው ደመኛዬ የእኛ የትልልቆቹ «እንትን» ነው። «እንትኑን ከእንትኑ ላይ አምጪው» እያልን በጣት ከጠቆምን፣ ልጅቷ የምትማረው ጣት መከተል ነው። ስልኩንማ ተዉት። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንዳሪን ከሚናገር ሰው ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፅ መለየት ተማሩ፤ በቪዲዮ ብቻ ያዩት ግን አልተማሩም።

ኮምቦልቻም አስተምሬያለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቅርብ ነው፤ የልጆቹ ቃል ግን ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ልጆቼ ውስጡ እየተራመዱ ነው ክፍል የሚገቡት። ኮምቦልቻ ግን ልጆቹን «ጉም» ስላቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ይቀስሩ ነበር። «ሽፍት»ን ግን ከኔ በላይ ያውቁት ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ «እማዬ የማታ ሽፍት ናት» የሚለኝ ልጅ በዝቶ ነበር። ራቱን ማን እንደሚያበላው የሚወስን ቃል ነውና አይጠፋውም።

በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር፤ በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ እኛኑ ደረሰብን። ክፍል ስንመለስ ልጆቼ በጥጉ ዕቃ አዲስ ጨዋታ ጀምረው አገኘኋቸው። አንዷ በስኒ እየሰፈረች ሌሎቹን ታሰልፋለች። ተራ የደረሳትን ልጅ «ስምሽ የለም፤ ነገ ተመለሺ» አለቻት። እነዚህን ቃላት ማንም በካርድ አላስጠናትም። ምን እንደምል ጠፋኝና የማውቀውን አደረግሁ። «ስሟ አለ፤ ሂጂና ጥሪያት» ብዬ ላክኋት። ሄዳ በሙሉ ስሟ ጠርታ አመጣቻት።

እኔንም አያቴ እየላከች ነው ያሳደገችኝ። ፊደል የቆጠረች ሴት አልነበረችም። መልእክቱን አንድ ጊዜ ታስደግመኝና «ሂጂ» ትላለች፤ ከኋላዬ መጥታ አታይም። ያኔ የተሸከምኩት ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የያዝኩት አመኔታዋንም እንደነበር የገባኝ እኔም በተራዬ የሌላ ሰው ልጅ መላክ ስጀምር ነው። ይህን ሥራ ሳልሰለቸው ያቆየኝም እሱ ይመስለኛል።

ዘንድሮም ለፖስተር ከተያዘው ገንዘብ ተቀንሶ ከሰኞ ገበያ ቁናና ገበቴ እንዲገዛልን አመልክቻለሁ። «ከማስተማሪያ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም» ተባልኩ። እስከዚያው ከቤቴ አመጣለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም አነሳዋለሁ።