ስንጥቅ የምታስቆም ቀዳዳ

አሜሪካ ውስጥ ፒክአፕ መኪና ላይ የሚጫነው ተንቀሳቃሽ ማደሪያ፣ ካምፐር፣ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ከርሞ ማሰሪያ ብረቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሹል ማዕዘን ወይም ከቆየ ብየዳ ጠርዝ ነው።

የጎበዝ በያጅ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከመበየዱ በፊት የስንጥቁን ጫፍ አጥርቶ ይፈልግና በትራፓኖ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳዋል። ቀጭኑ ጫፍ ላይ ተከማችቶ የነበረው ኃይል በክቡ ዙሪያ ይከፋፈላል፤ ስንጥቁም ከዚያ ወዲያ መሄዱ ይገታል። ብረትን ቀንሶ ብረትን ማዳን! እንዴት ያለ ድንቅ ጥበብ ነው።

አሉሚኒየም ሲሆን ሥራው ይከብዳል። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በያጁ አስቀድሞ በንጹሕ የሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ይፈገፍገዋል። የብየዳው ዳርና ዳር በሙቀቱ ስለሚለሰልስም ማዕዘኑ የተድበለበለ ማጠናከሪያ ይደርብበታል።